ጥንተ ትርጉማዊነት፦ የአርቃቂዎች ሐሳብ ዳኛን ያስራል?

ቃሉ፦ ኦሪጂናሊዝም
የአማርኛ አቻው፦ ጥንተ ትርጉማዊነት
ዘርፉ፦ የሕገ መንግሥት ሕግ
አጭር ፍቺው፦ የሕገ መንግሥት ድንጋጌ በጸደቀበት ጊዜ የነበረው ትርጉም በሥርዓቱ እስኪሻሻል ድረስ እንደጸና ይኖራል፣ ዳኛም በዚያው ትርጉም ይታሰራል የሚል የአተረጓጎም አስተምህሮ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ጦር መሣሪያ፣ ስለ ጽንስ ማቋረጥ ወይም ስለ ዜግነት በወሰነ ቁጥር ኦሪጂናሊዝም የሚለው ቃል አብሮ ይነሣል። በአማርኛ ሲወራ ብዙ ጊዜ «የወግ አጥባቂ ዳኞች አቋም» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አነጋገር የዳኞቹን የፖለቲካ ዝንባሌ ይጠቁም ይሆናል እንጂ በምን መንገድ ከውሳኔው ላይ እንደደረሱ አይነግረንም። ጥያቄው ደግሞ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። ሕገ መንግሥት ያለው ሕዝብ ሁሉ አንድ ቀን ይገጥመዋል፦ ያረቀቁት ሰዎች በሌሉበት ቃሉ ቢያከራክር፣ ዳኛው ማንን ይጠይቅ?

የዚህ ማብራሪያ አቋም ከመነሻው ይነገር። የአርቃቂዎች ሐሳብ ሊሰማ የሚገባው ምስክር ነው፤ ፈራጅ ግን አይደለም። የሚያስረው ሕዝብ ያጸደቀው ቃልና በቃሉ ውስጥ ያለው መርሕ ነው። ከዚህ በታች የአሜሪካና የካናዳ ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው፣ የኢትዮጵያዎቹ በራሳችን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ስያሜው ከየት መጣ

ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ስያሜው ግን የቅርብ ጊዜ ነው። ቃሉን በ1980 ያስተዋወቁት የሕግ መምህሩ ፖል ብረስት ናቸው፤ ያስተዋወቁትም አስተምህሮውን ለመንቀፍ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የፕሬዚዳንት ሬገን ዋና ዐቃቤ ሕግ ኤድዊን ሚስ በአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር ጉባኤ ላይ ቀርበው ፍርድ ቤቶች ወደ አርቃቂዎቹ ሐሳብ እንዲመለሱ ጠየቁ። በዚያው ዓመት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ብሬናን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ንግግር አጥብቀው ተቃወሙ፤ ከሁለት መቶ ዓመት ርቀት ላይ ሆኖ የአርቃቂዎችን ልብ አውቃለሁ ማለት በትሕትና የተሸፈነ ትዕቢት ነው ሲሉ ተከራከሩ። በ1987 ሬገን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ያጯቸው ሮበርት ቦርክ የአስተምህሮው ጽኑ ጠበቃ ነበሩ። ሴኔቱ በ58 ለ42 ድምፅ ሹመታቸውን ውድቅ አደረገው። በሕግ መጽሔቶች ተወስኖ የነበረው ክርክር ከዚያ ወዲህ የመላው አገሪቱ ሆነ።

ጥንተ ሐሳብ እና ጥንተ ትርጉም

አስተምህሮው በመጀመሪያ መልኩ የሚጠይቀው «አርቃቂዎቹ ምን አስበው ነበር?» ብሎ ነው። ይህን ጥንተ ሐሳብ እንበለው። ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ወደ ፊላደልፊያ ወስደው ሲጠይቁት ግን ይከብዳል። በ1787 በዚያች ከተማ ተሰብስበው የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተወካዮች 55 ነበሩ፤ በመጨረሻ የፈረሙት 39 ናቸው። ስብሰባው ዝግ ነበር፤ ውስጥ የተባለው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተስማምተዋል። ከሁሉ የተሟላውን ማስታወሻ የያዙት ጄምስ ማዲሰን ሲሆኑ፣ ማስታወሻው የታተመው እሳቸው ካረፉ በኋላ በ1840 ነው። ሰነዱን ሕግ ያደረጉት ደግሞ የፊላደልፊያ ሰዎች አይደሉም፤ በየግዛቱ የተሰበሰቡት አጽዳቂ ጉባኤዎች ናቸው። እነዚህ ጉባኤዎች ድምፅ የሰጡት በፊታቸው በተዘረጋው ጽሑፍ ላይ ነው። ከተዘጋው በር ጀርባ የተባለውን አልሰሙም፤ ያልሰሙትን ሐሳብ አጽድቀዋል ሊባሉም አይችሉም። ማዲሰን ራሳቸው በ1796 በተወካዮች ምክር ቤት ሲከራከሩ፣ ከጽሑፉ ውጭ የሰነዱ ትርጉም የሚፈለግ ከሆነ መፈለግ ያለበት በአጽዳቂዎቹ ጉባኤዎች ዘንድ እንጂ በአርቃቂዎቹ ስብሰባ አይደለም ብለዋል።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው አንድ ሐሳብ የለውም። አንዱ ድንጋጌውን የሚደግፈው ከልቡ ስላመነበት ነው። ሌላው በሌላ አንቀጽ ላይ ድጋፍ ለማግኘት ሲል እጁን ያወጣል። ሦስተኛው ቃሉ ወደፊት እንዲያከራክር አውቆ ለዘብ ባለ አነጋገር ይስማማል። የሦስቱ እጅ እኩል ይቆጠራል፤ በልባቸው ያለው ግን አይገጥምም።

አንቶኒን ስካሊያ በ1986፣ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት በታጩበት ዓመት፣ ጥያቄው እንዲለወጥ የተከራከሩት ስለዚህ ነው። አርቃቂው በልቡ የያዘውን ትተን፣ ቃሉ በጸደቀበት ጊዜ አስተዋይ የሆነ የዘመኑ አንባቢ ከቃሉ ምን ይረዳ እንደነበር እንፈልግ አሉ። ይህ ጥንተ ትርጉም ነው። ዛሬ የአስተምህሮው ተከታይ ነኝ የሚሉ አብዛኞቹ የሚከተሉት ይህን ሁለተኛውን ነው።

የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ ይህን ልዩነት በሌላ መልኩ ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኞች ከግልጹ ትርጉም ርቀው የተዋዋዮችን ሐሳብ ፍለጋ እንዳይሄዱ ይከለክላል። የጋራ ሐሳባቸውን መፈለግ የሚመጣው ቃሉ አሻሚ ሲሆን ብቻ ነው፤ ይህን የሚለው ቁጥር 1734 ነው። ውል ግን ሁለት ሰዎች ፈርመውት በሁለቱ ላይ የሚጸና ነው። ሕገ መንግሥት ያልፈረሙትን፣ ያን ጊዜ ያልተወለዱትንም ያስራል። በውል እንኳ ቃል ከሐሳብ የሚቀድም ከሆነ፣ በሕገ መንግሥት ይበልጡን ሊቀድም ይገባል።

አንድ ታሪክ፣ ሁለት ንባብ

የአስተምህሮው ትልቁ ተስፋ የዳኛን የግል ፍላጎት መገደቡ ነው። ታሪክ አንድ ነው፤ ዳኛውም ከታሪክ ማምለጥ አይችልም ይባላል። በ1857 የተወሰነው የድሬድ ስኮት ጉዳይ ይህ ተስፋ እንዴት ሊከሽፍ እንደሚችል ያሳያል። ድሬድ ስኮት በባርነት የተያዘ፣ ነፃነቱን በፍርድ ቤት የጠየቀ ሰው ነው። የዋና ዳኛው የሮጀር ቶኒ ውሳኔ ሕገ መንግሥቱ በተጻፈበት ጊዜ የነበረውን ትርጉምና ሐሳብ ይዞ መነበብ እንዳለበት አጥብቆ ይናገራል። ከዚያም በዚያ ዘመን ጥቁሮች ከሕዝቡ አይቆጠሩም ነበርና ዛሬም ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም ወደሚል ድምዳሜ ይሄዳል።

ቶኒን የተቃወሙት ዳኛ ቤንጃሚን ከርቲስ «ታሪክ አያስረንም» አላሉም። የቶኒ ታሪክ ስሕተት መሆኑን ነው ያሳዩት። ሕገ መንግሥቱ በሚጸድቅበት ጊዜ በኒው ሃምፕሸር፣ በማሳቹሴትስ፣ በኒው ዮርክ፣ በኒው ጀርሲና በሰሜን ካሮላይና ነፃ የሆኑ ጥቁሮች ሌላውን መስፈርት ካሟሉ የመምረጥ መብት ነበራቸው። ስለዚህ ሰነዱን ካጸደቀው ሕዝብ መካከል እነሱም ነበሩ። ከርቲስ የግዛቶቹን ሕጎች አገላብጠው በማስረጃ አቀረቡ፤ ሰባት ለሁለት ተሸነፉ። በዚህ ጉዳይ ያሳሳተው ታሪክን መጠየቁ አልነበረም። ያሳሳተው የአርቃቂዎችን ሐሳብ አውቀዋለሁ የሚል ሥልጣን ማስረጃውን መርምሮ ለመቀበል አለመፈለጉ ነው። ጥንተ ሐሳብ ከጥንተ ትርጉም ይልቅ ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ነው፤ የሞተ ሰው ልብ ላይ የሚጫነው ብዙ ነውና።

መርሑ እና የተጠበቀው አፈጻጸም

በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመው ልዩነት ይህ ነው። ሕግ አውጪዎች አንድ መርሕ ሲጽፉ መርሑ በዘመናቸው እንዴት እንደሚፈጸምም የሚጠብቁት ነገር አለ። ሕግ የሆነው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ግምታቸው ነው።

በ1954 የተወሰነው፣ በዘር የተለያዩ ትምህርት ቤቶችን የተመለከተው የብራውን ጉዳይ በዚህ ላይ ያረፈ ነው። የ14ኛው ማሻሻያ በ1868 ሲጸድቅ የሕግን እኩል ጥበቃ ለሁሉ አረጋገጠ። ያንኑ ማሻሻያ ያወጣው ኮንግረስ ግን በዋሽንግተን ከተማ ነጮችና ጥቁሮች ተለያይተው ለሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ገንዘብ ይመድብ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1953 ተከራካሪዎቹን መልሶ ጠራና የማሻሻያው አውጪዎች ስለ ትምህርት ቤት ምን አስበው እንደነበር ማስረጃ እንዲያቀርቡ አዘዘ። ማስረጃው ቀረበ፤ ዋና ዳኛ ኧርል ዋረን በሙሉ ድምፅ በጸደቀው ውሳኔ ታሪኩ ቁርጥ መልስ እንደማይሰጥ ገልጸው መለያየቱን ሻሩ። የተጠበቀውን አፈጻጸም የሚከተል ዳኛ ያን ውሳኔ መስጠት ይቸግረዋል። የእኩልነትን መርሕ የሚከተል ዳኛ ግን አይቸገርም። በ1995 የሕግ ምሁሩ ማይክል ማኮኔል የብራውን ውሳኔ ከጥንተ ትርጉም ጋር እንደሚስማማ ለማሳየት ሰፊ ጥናት አሳትመዋል፤ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

መርሑ ከዘመን ዘመን እንዴት እንደሚሻገር በ2001 የተወሰነ የኦሪገን ጉዳይ በቅርበት ያሳያል። መርማሪዎች አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ማሪዋና ያበቅላል ብለው ጠረጠሩ። ማሪዋና በቤት ውስጥ ሲበቅል ኃይለኛ መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱም ሙቀት ያወጣል። መርማሪዎቹ ከመንገዱ ማዶ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ሙቀትን በምስል የሚያሳይ መሣሪያ ወደ ቤቱ አነጣጠሩ። የጋራዡ ጣሪያና አንዱ የጎን ግድግዳ ከቀረው ቤት ይልቅ ሞቀው ታዩ። ይህን ይዘው የብርበራ ፈቃድ አወጡ፤ ከመቶ በላይ ተክል አገኙ። ሰውን ካልተገባ ብርበራ የሚጠብቀው፣ በ1791 የጸደቀው 4ኛው ማሻሻያ ስለ ሙቀት ካሜራ የሚለው ነገር የለም። የጥንተ ትርጉም ዋና ጠበቃ የነበሩት ስካሊያ ግን በአምስት ለአራት ድምፅ ለተከሳሹ የሚጠቅመውን ውሳኔ ጻፉ። ማሻሻያው ሲጸድቅ የሰው ቤት ከመንግሥት ዓይን የነበረው መጠበቂያ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር እንዲሸረሸር አይፈቀድም አሉ። አስተምህሮው በዚህ መልኩ ሲሠራበት ጠንካራ ነው፤ የወግ አጥባቂነት ሌላ ስም አለመሆኑም ይታያል።

ከዚያ ወዲያ በጦር መሣሪያ ጉዳይ መርሑን ከተጠበቀው አፈጻጸም የመለየቱ ችግር ተገለጠ። በ2022 ፍርድ ቤቱ የዛሬ የመሣሪያ ገደብ ከአገሪቱ የቆየ የመሣሪያ ቁጥጥር ታሪክ ጋር መጣጣም አለበት አለ። አንዳንድ የበታች ፍርድ ቤቶች ይህን ሲረዱት፣ ለዛሬው ሕግ መንትያ የሆነ ጥንታዊ ሕግ ካልተገኘ ሕጉ ይወድቃል ወደ ማለት ሄዱ። ጥያቄው በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት የፍርድ ቤት እገዳ የተጣለበት ሰው መሣሪያ መያዝ ይችላል ወይ የሚል ሆኖ መጣ። የመሣሪያ መብት በጸደቀበት በ1791 እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በስምንት ለአንድ ሕጉን አጸና፦ የሚፈለገው መርሕ ነው እንጂ መንትያ ሕግ አይደለም አለ። ብቸኛው ተቃዋሚ የ2022ቱን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ነበሩ። በአንድ አስተምህሮ ጥላ ሥር ያሉ ዳኞች መርሑ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ሳይስማሙ ቀሩ።

ተቃራኒው፦ ሕያው ሕገ መንግሥት

ተፎካካሪው አመለካከት ሕያው ሕገ መንግሥት ይባላል። ሕገ መንግሥት ከኅብረተሰቡ ጋር ያድጋል፣ ዳኛም ዕድገቱን ይከተላል የሚል ነው። በካናዳ ምሳሌው ዛፍ ነው። በ1867 የወጣው የአገሪቱ መሠረታዊ ሕግ ብቃት ያላቸው «ሰዎች» ለሴኔት እንዲሾሙ ይፈቅዳል። በ1928 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቃሉን በ1867 ዘመን መንፈስ አንብቦ ሴቶች አይገቡበትም አለ። አምስት የአልበርታ ሴቶች ወደ ለንደን ይግባኝ አሉ፤ የእንግሊዝ የንጉሣዊ ምክር ቤት የፍርድ ኮሚቴ በ1929 ውሳኔውን ሻረ። ውሳኔውን የጻፉት ሎርድ ሳንኪ ሕገ መንግሥቱን በተተከለበት አፈር እንደሚያድግ ሕያው ዛፍ ገለጹት።

ይህ አመለካከት ትልቅ እውነት ይዟል። የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ለማሻሻል ከሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ፣ ከ50ዎቹ ግዛቶች የ38ቱ ስምምነት ይጠይቃል። በሩ ይህን ያህል ከጠበበ የሞቱ ሰዎች በሕያዋን ላይ ይገዛሉ የሚለው ስሞታ ተገቢ ነው። አደጋውም እዚያው ነው። ትርጉሙ ከዘመኑ ጋር ይሄዳል ከተባለ ዘመኑ ወዴት እንደሄደ የሚወስነው ማን ነው? ዛሬ መብትን ለማስፋት ያገለገለ መንገድ ነገ መብትን ለማጥበብ ያገለግላል። የካናዳ ሴቶች በጥንተ ትርጉምም ሊያሸንፉ ይችሉ ነበር፤ «ሰው» የሚለው ቃል በ1867ም ሴትን ይጨምራል። ሴቶችን ያስቀረው የዘመኑ ልማድ ነበር። ልማድ ደግሞ ሕግ ሆኖ አልተጻፈም።

ዛሬ በቤተሰብ ላይ የሚደርስ ክርክር

በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ያወጡት ትእዛዝ እናት ያለ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊ ቪዛ በአገሪቱ ያለች ከሆነች፣ አባትም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ ካልሆነ፣ የሚወለደው ልጅ ዜግነት እንዳያገኝ ያዛል። በተማሪ ቪዛ የሄዱ ባልና ሚስት ልጅ እዚህ ውስጥ ይገባል። ፍርድ ቤቶች ትእዛዙን አገዱ፤ ክርክሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘለቀ። መነሻው የ14ኛው ማሻሻያ ነው፦ በአሜሪካ የተወለደና ለሥልጣኗ የሚገዛ ሁሉ ዜጋ ነው ይላል።

«ለሥልጣኗ የሚገዛ» ማለት ምን ማለት ነው? ሁለቱም ወገን በ1866 ወደተደረገው የሴኔት ክርክር ይመለሳል። ድንጋጌውን ያቀረቡት ሴናተር ጄከብ ሃዋርድ የማይካተቱትን ሲዘረዝሩ የውጭ አገር ሰዎችን፣ ባዕዳንን፣ የአምባሳደር ቤተሰቦችን ጠቅሰዋል። አንዱ ወገን እነዚህን እንደ ሦስት የተለያዩ ቡድኖች ያነባል። ሌላው የአምባሳደር ቤተሰብ የሆኑ የውጭ አገር ሰዎች የሚል አንድ ሐረግ ነው ይላል። በዚያው ክርክር የካሊፎርኒያው ሴናተር ጆን ኮነስ በአገሪቱ የሚወለዱ የቻይናውያን ልጆች ዜጎች እንደሚሆኑ በግልጽ ተናግረዋል። በ1898 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳን ፍራንሲስኮ ከቻይናውያን የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ ዜጋ ነው ሲል ወስኗል። የአንድ ልጅ ዜግነት በአንድ ሴናተር የንግግር ሥርዓተ ነጥብ ላይ ሊንጠለጠል አይገባውም። ድምፅ የተሰጠው በንግግሩ ላይ አይደለም፤ በድንጋጌው ላይ ነው። የዚያ ዘመን አንባቢ ደግሞ በአገሩ ሕግ የሚከሰስና የሚቀጣ ሰው ለአገሩ ሥልጣን የሚገዛ መሆኑን ያውቅ ነበር።

በራሳችን ሕገ መንግሥት

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸደቀ። በአንቀጽ 62 መሠረት የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርብለታል። የአጽዳቂው ጉባኤ ክርክር በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ስለዚህ «አርቃቂዎቹ ያሰቡት» የሚለው ክርክር እኛን ይበልጥ ይፈትናል።

ሦስት ነገሮች ግን ልብ ይባሉ። አንደኛ፣ አንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። ስለዚህ የሚያከራክረው የአማርኛ ቃል ነው፣ እሱም የ1987 ዓ.ም. አማርኛ። «ብሔር» የሚለውን ቃል እንይ። በግእዙ አገር፣ ምድር ማለት ነው፤ በ1952ቱ «ፍትሐ ብሔር» ውስጥም የዘር ማንነትን አያመለክትም። ከተማሪዎች ንቅናቄ ወዲህ ቃሉ ዛሬ የምናውቀውን ፖለቲካዊ ትርጉም ያዘ፤ በሕገ መንግሥቱ የገባውም በዚያ ትርጉም ነው። አንቀጽ 39ን በግእዝ መዝገበ ቃላት የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። የጸደቀበትን ዘመን ትርጉም መፈለግ አስፈላጊ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ሁለተኛ፣ ሰነዱ በአንድ በኩል የአተረጓጎም መንገዱን ራሱ ይናገራል። አንቀጽ 13 ንኡስ አንቀጽ 2 የመብት ድንጋጌዎች ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ሰነዶች መርሆዎች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዝዛል። እነዚህ ሰነዶች ያድጋሉ። ስለዚህ በመብት ጉዳይ የአርቃቂን ልብ ብቻ መፈለግ የጸደቀውን ቃል መተላለፍ ነው።

ሦስተኛ፣ ቃሉ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫ ማካሄድ ሳይቻል የፌዴራልና የክልል ምክር ቤቶች የሥራ ዘመን ሊያልቅ ሆነ። አጣሪ ጉባኤው የባለሙያዎችን ክርክር በቴሌቪዥን በቀጥታ በተላለፈ መድረክ ሰማ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤቱም ሰኔ 3 ቀን ምክር ቤቶቹ እስከ ምርጫው እንዲቀጥሉ ወሰነ። በውሳኔው የተስማሙም የተቃወሙም ነበሩ። አርቃቂዎቹ በግልጽ ያልደነገጉትን ነገር በእነሱ ሐሳብ ስም ማጠናቀቅ ግን ለየትኛውም ወገን አይበጅም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ተርጓሚው የተጻፉትን መርሆዎች፣ የሥልጣን ምንጭ ሕዝብ መሆኑንና ምርጫ በየጊዜው መደረጉን፣ በግልጽ አስቀምጦ በምክንያት ማመዛዘን አለበት።

ለምን «ጥንተ»

«ጥንት» በግእዝ መጀመሪያ ማለት ነው። «ጥንተ አብሶ» እና «ጥንተ ተፈጥሮ» የሚሉትን ሐረጎች የሚያውቅ አንባቢ ከመነሻው የነበረ የሚለውን ስሜት ወዲያው ይይዛል። «ወግ አጥባቂነት» ፖለቲካን፣ «ቃል በቃልነት» ዐውድ የሌለው ንባብን ስለሚያመለክቱ አይስማሙም። አስተምህሮው «ጥንተ ትርጉማዊነት»፣ ተከታዩ «ጥንተ ትርጉማዊ»፣ የቀድሞ መልኩ «ጥንተ ሐሳባዊነት» ሊባል ይችላል። በዐረፍተ ነገር፦ «ዳኛው ጥንተ ትርጉማዊ ቢሆኑም መርሑን ለአዲስ ቴክኖሎጂ ሠርተውበታል።»

ከእንግዲህ አንድ ዳኛ፣ ፖለቲከኛ ወይም ተንታኝ «አርቃቂዎቹ ያሰቡት ይህ ነበር» ሲል አራት ነገር ይጠየቅ። ከአርቃቂዎቹ የትኛው? ያጸደቁት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር? የተባለው መርሕ ነው ወይስ በዘመናቸው የጠበቁት አፈጻጸም? ከተጻፈው ቃል ጋርስ ይስማማል? አራቱን የመለሰ ማስረጃውን አቅርቧልና ይደመጥ። ያልመለሰ ግን የራሱን ፈቃድ በሌሉ ሰዎች ስም እየጫነብን ነው፤ በእንዲህ ያለ መንገድ የተገኘ ፍርድም ሕዝብ ካጸደቀው ቃል በላይ ሊሆን አይገባውም።